ተራ የሚጠብቅ ጠላት

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ የሚጻፈው ታሪክ በአመዛኙ የጀግኖችና የፈጣሪዎቻቸው ታሪክ ነው፤ በልጅነታቸው የተጫወቱ ሰዎች የሚያወጉት ትዝታ ግን ወደ ሌላ ወገን ያደላል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሳይደበዝዝ የሚገኘው የጀግናው መልክ ሳይሆን የጠላቱ ጠባይ፣ ይኸውም ከየት በኩል ብቅ እንደሚል፣ ከመምታቱ በፊት ምን እንደሚያሳይ፣ መቼ ፋታ እንደሚሰጥና መቼ እንደማይምር ነው። እዚህ ላይ «ጠላት» የሚባለው ተጫዋቹን እንዲያግድ፣ እንዲያሳድድ ወይም እንዲገድል በፕሮግራም የታዘዘ የጨዋታ ፍጡር ሲሆን፣ «አርኬድ» የሚባለው ደግሞ በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመጠጥ ቤት፣ በገበያ አዳራሽና በመዝናኛ ስፍራ ቆሞ በሳንቲም ያጫውት የነበረው ቁመተ ረጅም ሣጥን፣ እንዲሁም ሣጥኖቹ የተደረደሩበት ቤት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዛሬዎቹ የድርጊት ጨዋታዎች፣ ማለትም በቅልጥፍናና በፍጥነት ላይ የቆሙት የውጊያ ጨዋታዎች፣ ከዚያ ሣጥን የወረሱት ብዙ ነገር ቢኖርም፣ ከሁሉ የጠለቀው ውርስ ተራን የማክበር ልማድ ነው፤ የዛሬው ማሽን ጠላቶችን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ማዝመት እየቻለ፣ ጨዋታ ሠሪዎቹ ሆነ ብለው ያሰልፏቸዋል።

ይህን ጉዳይ ከኦስሎ ምሥራቃዊ ሰፈር ከኦከርን ተነሥቶ ማሰብ በመጀመሪያ እይታ ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስል ይችላል። ኦከርን ኦክቶበር 16 ቀን 1966 በተከፈተው የግሮሩድ የባቡር መስመር ላይ በሃስሌና በሪስሎካ መካከል የሚገኝ፣ የከተማዋ ቀለበት መንገድ የሚያልፍበት፣ ለረጅም ጊዜ የመጋዘንና የወርክሾፕ መልክ የነበረው ሰፈር ነው፤ አሁን ደግሞ በ2021 የተከፈተውና ጣሪያው ላይ አትክልት የሚለማበት ኦከርን ፖርታል የተባለው ግዙፍ የቢሮ ሕንጻ የሰፈሩ መለያ እየሆነ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው የኦስሎ ምሥራቃዊ ሰፈሮች የሚመላለሰው ባቡር እዚህ ሲቆም፣ የሚወርደው ሰው ሰፈሩ ከኮምፒዩተር ታሪክ ጋር ዝምድና እንዳለው የሚነግረው ምልክት በቀላሉ አያገኝም። ዝምድናው ግን አለ። በ1967 በላርስ ሞንራድ-ክሮን፣ በፐር ቢዮርጌና በሮልፍ ስኮር የተመሠረተው ኖርስክ ዳታ የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በ1970ዎቹ ባሳተማቸው መመሪያ መጻሕፍት ላይ የሚነበበው አድራሻ በመጀመሪያ ኦከርንቬየን 145፣ በኋላም ሎረንቬየን 57 ከነኦከርን የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ነበር፤ በ1980ዎቹ በአክሲዮን ዋጋ ከኖርዌይ ግንባር ቀደም ኩባንያዎች ተርታ የተሰለፈውና ዐሥርት ዓመቱ ሳያልቅ መውደቅ የጀመረው ይህ ኩባንያ፣ ኖርድ በሚል ስም የሚታወቁትን መካከለኛ ኮምፒዩተሮች ሠርቶ ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለፋብሪካዎችና በጄኔቫ ለሚገኘው ለሰርን የምርምር ማዕከል ሸጧል። ቲም በርነርስ-ሊ በ1980 በሰርን ሳለ ኢንኳየር የተባለውን፣ በኋላ ለዓለም አቀፉ ድር መነሻ ከሆኑት ሐሳቦች አንዱን የያዘውን ፕሮግራም የጻፈው በኖርድ-10 ላይ ነበር።

የኖርድ ኮምፒዩተር ለጨዋታ የተሠራ አልነበረም፤ ነገር ግን ሲንትራን በተባለው የማሽኑ ሥርዓት ውስጥ የሚገኘው አንድ ሐሳብ የአርኬድን ጠላት ለመረዳት ጥሩ በር ይከፍታል። ይህም የጊዜ ክፍፍል የሚባለው አሠራር ነው፤ አንድ ውድ ማሽን በርከት ላሉ ሰዎች እንዲያገለግል ሲፈለግ፣ የማሽኑ አእምሮ ለመጀመሪያው ተጠቃሚ ጥቂት ይሠራና ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ዙሩን ከጨረሰ በኋላ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ተጠቃሚው ሲበዛ የእያንዳንዱ ሥራ ያዘግማል፤ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ግን አምሽቶ የቀረው አንዱ ማሽኑ እንደ ንፋስ ሲፈጥንለት ያገኘዋል። ድህነት የወለደው ብልሃት ነው ማለት ይቻላል፤ ማሽኑ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መድረስ ስለማይችል ሁሉም ተራ ይጠብቃል።

ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ለታይቶ ኩባንያ በ1978 የሠራው ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለው የጃፓን ጨዋታ፣ ከኦከርን መሐንዲሶች ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው፣ በዚሁ ሕግ ላይ ቆሞ ተገኘ። በጨዋታው ከሰማይ ወደ ምድር የሚወርዱ ወራሪዎች በ5 ረድፍና በ11 ዐምድ ተሰልፈው በድምሩ 55 ናቸው፤ ሥዕሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ገደማ የሚታደሰው ይህ ማሽን፣ 8080 የተባለው የኢንቴል ቺፕ አቅም ውስን ስለ ነበር፣ በእያንዳንዱ እድሳት የሚያንቀሳቅሰው አንድ ወራሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠራዊቱ ሙሉ ሲሆን አንድ እርምጃ ለመራመድ አንድ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ተጫዋቹ እየገደለ ሲያሳንሳቸው ግን ተራው ቶሎ ቶሎ ስለሚደርሳቸው የቀሩት እየፈጠኑ ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው ብቸኛ ወራሪ በእያንዳንዱ እድሳት ስለሚንቀሳቀስ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይከንፋል። ኒሺካዶ ይህን ጉድለት አላረመውም፤ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ እንዲከብድ የሚያደርግ መልካም አጋጣሚ ሆኖ ስላገኘው እንዳለ ተወው። ጠላት እየተሸነፈ የሚበረታበት፣ ብቻውን ሲቀር የሚያስፈራበት ሥርዓት፣ ዛሬ በታላላቅ ጨዋታዎች ውስጥ ዋናው ጠላት ሊሞት ሲቃረብ ፍጥነቱን ሲጨምር የሚታየው ነገር፣ ከዚህ የቺፕ እጥረት ጋር የሥጋ ዘመድ ነው።

የማሽን እጥረት አንዱ ወላጅ ቢሆን፣ ሁለተኛው ወላጅ ሳንቲም ነበር። አርኬድ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ የሚኖረው ሣጥኑ ውስጥ በሚገባው ሳንቲም ነው፤ ሳንቲሙ እንዲበዛ ተጫዋቹ ቶሎ መሸነፍ አለበት፤ ነገር ግን ያለ ጥፋቱ የተሸነፈ መስሎ ከተሰማው ኪሱን ዘግቶ ይሄዳል። ጨዋታ ሠሪው እንግዲህ ሁለት ተቃራኒ ጌቶችን ማስደሰት ነበረበት፤ ተጫዋቹን ቶሎ መግደል፣ የሞቱንም ጥፋት ተጫዋቹ በገዛ እጁ ላይ እንዲያገኘው ማድረግ። ይህን ልዩነት ከኖርዌይ ሌላ ትዝታ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በኖርዌይ በየሱቁና በየባቡር ጣቢያው ቆመው የነበሩት የቁማር ማሽኖች ብዙ ቤተሰብ እንዳናጉ ከታመነ በኋላ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በግል የሚተዳደሩት ሁሉ እንዲነሡ ተደርጓል። የቁማር ማሽንና የአርኬድ ሣጥን ሁለቱም ሳንቲም በልተው ያድራሉ፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው ሕጉን ደብቆ የሚበላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕጉን በግልጽ አሳይቶ የሚበላ ነው። የአርኬድ ጠላት የሚሠራው በሚነበብ ሕግ ስለሆነ፣ ሳንቲሙን ያጣው ልጅ ከሣጥኑ ሲርቅ በእጁ የሚቀር ነገር አለ፤ ይኸውም ጥቂት እውቀት ነው።

ሕጉን ካወቁ በኋላ ጥግ ይዘው መቀመጥ የለመዱ ተጫዋቾች ለባለቤቱ ኪሳራ ሆኑ፤ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ሆኖ የተፈጠረው ጠላት በታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። አላን ማክኒል ለስተርን ኩባንያ በሠራው በርዘርክ (1980) ተጫዋቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲዘገይ ኢቭል ኦቶ የተባለ ፈገግ ያለ ክብ ፊት እየነጠረ ይመጣል፤ ጥይት አይገድለውም፤ ግድግዳም አያግደውም። በዩጂን ጃርቪስ የሚመራው ቡድን ለዊልያምስ ኩባንያ በሠራው ዲፌንደር ውስጥም እንዲሁ፣ አንድን ዙር ለመጨረስ ለሚዘገይ ተጫዋች ቤይተር የሚባል ፈጣን መርከብ ይላክበታል። እነዚህ ጠላቶች ሰዓት ናቸው ቢባል ያስኬዳል፤ ልዩነቱ ሰዓቱ በቁጥር ሳይሆን በሚያሳድድ ፍጡር አምሳል መታየቱ ነው። ዴሬክ ዩ በሠራው በስፐለንኪ ውስጥ፣ በተለይም በ2012 በወጣው ቅጂ፣ በዋሻ ውስጥ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ለቆየ ተጫዋች የሚመጣው የማይሞት መንፈስ ይህን ሰዓት አንድም ሳያጎድል ወርሶታል፤ በስፐለንኪ ሳንቲም የሚጠብቅ ባለቤት የለም፤ ሆኖም መንፈሱ ባይኖር ተጫዋቹ እያንዳንዱን ድንጋይ ፈልፍሎ ካልጨረሰ ስለማይንቀሳቀስ፣ ጨዋታው ይሞት ነበር።

ከአርኬድ ጠላቶች ሁሉ ሊጠኑ የሚገባቸው ግን ቶሩ ኢዋታኒ ለናምኮ በ1980 የነደፋቸው አራቱ የፓክ-ማን መናፍስት ናቸው። መናፍስቱ በቀለም ይለያሉ፤ ነገር ግን እውነተኛ መለያቸው እያንዳንዱ ለመድረስ የሚሞክርበት ነጥብ ነው። ቀዩ ብሊንኪ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ፓክ-ማን ያለበትን ሕዋስ ቀጥ ብሎ ይከተላል፤ እዚህ ላይ ሕዋስ ማለት የሰሌዳው መንገድ የተከፋፈለበት ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ሮዝ ቀለም ያላት ፒንኪ ፓክ-ማን ከዞረበት አቅጣጫ አራት ሕዋስ ቀድማ ያለውን ቦታ ስለምታልም ከኋላ አትከተልም፣ ከፊት ታደፍጣለች። ሰማያዊው ኢንኪ ከፓክ-ማን ፊት ሁለት ሕዋስ ርቆ ያለውን ነጥብ ወስዶ፣ ከብሊንኪ እስከዚያ ነጥብ ያለውን መስመር በእጥፍ አስረዝሞ ጫፉን ያልማል፤ በዚህም የተነሣ የኢንኪ ጠባይ ብሊንኪ ባለበት ቦታ ይወሰናል፤ ብቻውን ሲታይ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ ፍጡር ይሆናል። ብርቱካንማው ክላይድ ከስምንት ሕዋስ በላይ ሲርቅ እንደ ብሊንኪ ያሳድዳል፤ ሲቀርብ ግን ወደ ጥጉ ይሸሻል። አራት አጫጭር ሕጎች ተደማምረው፣ የተማከረ የሚመስል አደን ፈጠሩ፤ መናፍስቱ ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ተባብረው የሚያስቡ የመሰሉት የተለያየ ነገር ስለሚፈልጉ ብቻ ነው።

ጨዋታውን ያቆየው ሌላው ነገር ፋታው ነው። መናፍስቱ ያለማቋረጥ አያሳድዱም፤ በመጀመሪያው ደረጃ ለሰባት ሴኮንድ ወደየጥጋቸው ይበተናሉ፤ ከዚያ ለሃያ ሴኮንድ ያሳድዳሉ፤ እንደገና ይበተናሉ፤ ዙሩ ከተደጋገመ በኋላ ብቻ ነው ማሳደዳቸው ቋሚ የሚሆነው። ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ይመለሳሉ፤ አስተዋይ ተጫዋች ይህን መዞር አይቶ የተራውን መለወጥ ይረዳል። የኢትዮጵያ ልጆች በኩኩሉ ጨዋታ የሚያደርጉት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ነግቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ተደባቂዎቹ እስኪፈቅዱለት ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው አደኑ የሚጀመረው፤ ሳይጠይቅ የሚነሣ ፈላጊ አጭበርባሪ ይባላል። በዛሬ ጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ ጠላት ከመምታቱ በፊት ክንዱን ሲያነሣ፣ ዓይኑ ሲያበራ ወይም ድምፅ ሲያሰማ የሚታየው ማስጠንቀቂያ የጥቃት ምልክት ይባላል፤ ምልክት የሌለው ጥቃት በተጫዋቾች ዘንድ እንደ ክፋት የሚቆጠረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአርኬድ ሣጥን ራሱ በአዲስ አበባ እምብዛም አልተስፋፋም፤ ጠላቶቹ ግን በሌላ በር ገቡ። ከእስያ ይመጡ በነበሩት፣ የኒንቴንዶን የቤት መሣሪያ በሚኮርጁት ርካሽ ማሽኖችና በየካሴታቸው ታጭቀው በነበሩት ጨዋታዎች አማካይነት፣ የሣጥኖቹ ትውልድ ለቴሌቪዥን ተመጥኖ በዓለም ዙሪያ ተዳረሰ። ኮናሚ በ1987 ለአርኬድ ያወጣው ኮንትራ በዚህ መንገድ ቤት ገብቷል፤ ናምኮ በ1985 ያወጣው ባትል ሲቲ ደግሞ የታንክ ቤተሰቡን ከነአያቱ ይዞ የመጣ ነው፤ አያቱ በ1980 ለአርኬድ የተሠራው ታንክ ባታሊዮን ነውና። በባትል ሲቲ አንድ ደረጃ ውስጥ 20 የጠላት ታንኮች አሉ፤ ነገር ግን ሃያዎቹ በአንድ ጊዜ አይወጡም፤ ከላይ ካሉት ሦስት መውጫዎች በየተራ ብቅ ይላሉ፤ የሚቀሩት ብዛትም በማያ ገጹ ጎን ተደርድሮ ይታያል። አንዱ ዓይነት ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ ይፈጥናል፤ አንዱ ጥይቱ ይፈጥናል፤ አንዱ አራት ጊዜ ካልተመታ አይሞትም። ከታች መካከል ላይ በጡብ የታጠረ የንስር ምልክት አለ፤ እሱ ከተመታ ተጫዋቹ በሕይወት ቢኖርም ጨዋታው ያከትማል። ወንድሙን ጎን አስቀምጦ ይህን የተጫወተ ልጅ፣ ንስሩን ማን ይጠብቅ፣ ማን ይውጣ በሚለው ክርክር የጠላትን ተራ ማንበብ ለምዷል፤ ያንን ያስተማረው መምህር አልነበረም።

በኋላ በአዲስ አበባ የተስፋፉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሳንቲሙን በሌላ መልክ መለሱት። ገንዘቡ ወደ ማሽኑ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ እጅ ስለሚገባና የሚከፈለው ለአንድ ግጥሚያ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ስለነበር፣ ልጁን ከወንበሩ የሚያስነሣው የማሽኑ ጠላት መሆኑ ቀርቶ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ሆነ፤ ተሸናፊ ለተረኛ ቦታ ይለቃል። በዚህ ቤት ዋናው ነገር እግር ኳስ ቢሆንም እንደ ቴከን ያሉ የድብድብ ጨዋታዎችም ነበሩ፤ ናምኮ የ1994ቱን የመጀመሪያ ቴከን የሠራው በፕሌይስቴሽን አካል ላይ በተመሠረተ የአርኬድ ሰሌዳ ስለነበር፣ በአዲስ አበባ ጆይስቲክ የያዘው ልጅና በቶኪዮ ሣጥን ፊት የቆመው ልጅ የሚጫወቱት የአንድ አባት ልጅ የሆነውን ማሽን ነበር። በአስተውሎት ሲታይ፣ በአዲስ አበባ ቤት ጠላትን የሚያጠኑት ተጫዋቾቹ ብቻ አልነበሩም፤ ተራቸውን የሚጠብቁትም ከጀርባ ቆመው ያጠኑ ነበር፤ እጅግ ጥሩዎቹ ተመልካቾች ገንዘብ ሳይከፍሉ የተማሩት ናቸው። ከእነዚህ ልጆች መካከል ዛሬ በኦስሎ የሚኖሩት፣ በየቤታቸው ለየብቻቸው የሚጫወቱትን ጨዋታ ሲያስቡ፣ የሚያጡት ማሽኑን ሳይሆን ይህን ከጀርባ የቆመ ሸንጎ መሆኑ አያስገርምም።

የአርኬድ ጠላት ወደ ዛሬ የተሻገረበትን መንገድ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የኖርዌይ ጎረቤት የሆነችው የፊንላንድ ምሳሌ ነው። በ1995 የተመሠረተው የሄልሲንኪው ሃውስማርክ ስቱዲዮ በ2013 ያወጣው ሬሶገን የዲፌንደርን ውርስ በግልጽ ተሸክሟል፤ ተጫዋቹ እየተዋጋ ሰዎችን ከጠላት እጅ ያድናል። ዩጂን ጃርቪስና ላሪ ዲማር በ1982 ለዊልያምስ የሠሩት ሮቦትሮን ደግሞ የ2017ቱ ኔክስ ማሺና አባት ነው። ሮቦትሮን ሁለት ዘንግ ነበረው፤ አንዱ ለመሄጃ፣ ሌላው ለመተኮሻ፤ ተጫዋቹ በአንድ ክፍል መካከል ቆሞ ከየአቅጣጫው ይከበባል። ብልሃቱ በጠላቶቹ ክፍፍል ላይ ነው፤ ግራንት የሚባሉት ዝም ብለው ወደ ተጫዋቹ ይጓዛሉ፤ ሃልክ የሚባሉት አይሞቱም፣ መንገድ ይዘጋሉ፤ ስፌሮይድ የሚባሉት ራሳቸው አይተኩሱም፣ ነገር ግን ቶሎ ካልተገደሉ የሚተኩሱ ልጆች ይፈለፍላሉ፤ ብሬን የሚባሉት የሚታደጉትን ሰዎች ይዘው ወደ አሳዳጅነት ይለውጣሉ። እያንዳንዱ ጠላት ለተጫዋቹ ጥያቄ ነው፤ በጥድፊያው ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄውን መመለሱ ሳይሆን፣ ከአራቱ ጥያቄዎች የትኛው ቀድሞ ይመለስ የሚለው ነው። ሃውስማርክ ኔክስ ማሺናን ሲሠራ ጃርቪስን ራሱን በአማካሪነት አሳተፈ፤ ሥራውም በተቺዎች ተመሰገነ፤ ገዢው ግን ጥቂት ስለነበር ስቱዲዮው በዚያው ዓመት ኖቬምበር አርኬድ እንደሞተ ገልጾ ከዘውጉ ለመውጣት መወሰኑን አስታወቀ።

መርዶው ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አልሆነም። ስቱዲዮው በ2021 ለፕሌይስቴሽን 5 ያወጣው ሪተርናል የሦስት አቅጣጫ ስፋት ያለው፣ በትልቅ በጀት የተሠራ ጨዋታ ነው፤ በአንድ ባዕድ ፈለክ ላይ የወደቀች ጠፈርተኛ እየሞተች እንደገና ትነሣለች፤ ጨዋታው በ2022 የብሪታንያውን ባፍታ የምርጥ ጨዋታ ሽልማት አግኝቷል። ጠላቶቹ የሚረጩት ጥይት በቀለም ደማቅ፣ በፍጥነት ዝግ ያለና በሥርዓት የተደረደረ ስለሆነ፣ በዓይን ተከትሎ መንገድ መፈለግ ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ከሮቦትሮን በተጨማሪ በ1990ዎቹ በጃፓን አርኬዶች ከበቀለው፣ ባትሱጉን (1993) እና ዶንፓቺ (1995) ከሚታወቁበት የጥይት ዝናብ ዘውግ የተቀዳ ነው። በዚያ ዘውግ ማያ ገጹ በጥይት ሲጥለቀለቅ ተጫዋቹ የሚተርፈው፣ የመርከቡ የመመታት ክልል፣ ማለትም ጥይት ነካው ተብሎ የሚቆጠርበት ክፍል፣ ከሚታየው ሥዕል በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ ነው፤ ጠላቱ ጨካኝ መስሎ እንዲታይ ይደረጋል፤ ሕጉ ግን ለተጫዋቹ ያደላል። በ2017 የወጣው ኒየር: ኦቶማታም ከሰይፍ ውጊያ መካከል ይህን ዝናብ በማስገባት ታዋቂ ነው። አርኬድ ሞተ የተባለው ሳጥኑ ወይም ገበያው ሊሆን ይችላል፤ ጠላቱ ግን ሞቶ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የተራን ነገር በግልጽ የሚያሳየው የአሜሪካው ኢድ ሶፍትዌር ነው። በ1993 በወጣው በመጀመሪያው ዱም ውስጥ ኢምፕ የሚባለው ጭራቅ የሚወረውረው የእሳት ኳስ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ጎን ብሎ ማምለጥ ይቻላል፤ በዚህ ረገድ ጨዋታው በመጀመሪያ ሰው ዓይን የሚታይ የአርኬድ ሣጥን ነው። በ2016 ስቱዲዮው ዱምን እንደገና ሲሠራ፣ የዘመኑ ማሽን ብዙ ጭራቆችን በአንድ ጊዜ ማዝመት ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ ሠሪዎቹ በ2018 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ እንዳስረዱት፣ ተጫዋቹን ለማጥቃት የሚሻ ጭራቅ በቅድሚያ የፈቃድ ምልክት ማግኘት አለበት፤ የፈቃዱ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ ፈቃድ ያላገኘው ዙሪያውን እየዞረ ይጠብቃል። በኖርድ ኮምፒዩተር ላይ የማሽኑ ድህነት ያስገደደው ነገር፣ ሀብታም በሆነ ማሽን ላይ በፈቃደኝነት ተመልሶ መጣ። ልዩነቱ ታላቅ ነው፤ ለኒሺካዶ ተራው የመጣው ከቺፑ ነበር፤ ለዛሬዎቹ ግን የሚመጣው ከሰው ዓይን ነው፤ የቺፑ አቅም ብዙ እጥፍ ሲያድግ፣ የሰው ዓይንና ጣት ግን በ1978 በነበሩበት ቀርተዋልና። የቡንጂ ስቱዲዮ ሄሎ (2001) ይህንኑ በሌላ መንገድ ያደርገዋል፤ መሪያቸው ሲሞት ትንንሾቹ ወታደሮች ተደናግጠው ይበተናሉ፤ ይህ መበተን የፓክ-ማን መናፍስት ወደ ጥግ ከሚሄዱበት ፋታ ብዙም አይርቅም።

ኦስሎ ራሷ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ባዶ አይደለም። በ1993 በከተማዋ የተመሠረተው ፋንኮም ይበልጥ የሚታወቀው በትረካ ጨዋታዎችና በሰፊ የመስመር ላይ ዓለሞች ነው፤ ሆኖም በ2022 ያሳተመው፣ በስዊድን የተሠራው ሜታል: ሄልሲንገር ተጫዋቹ በሙዚቃው ምት ላይ ካልተኮሰ ጥይቱ እንዲደክም ያደርጋል፤ እዚህ ተራ ጠባቂው ጠላቱ ሳይሆን ተጫዋቹ ሆነ ማለት ነው። ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ፣ በስፔስ ኢንቬደርስ ውስጥ ወራሪዎቹ ሲራመዱ የሚያሰሙት አራት ድምፅ ወራሪዎቹ ባነሱ ቁጥር እየፈጠነ ስለሚሄድ፣ በ1978ም ተጫዋቹ ያውቅም አያውቅ በምት ነበር የሚጫወተው።

ከሣጥኑ ጋር ሞቶ የነበረው ሳንቲም ደግሞ በስልክ ላይ ተመልሷል። በነጻ በሚወርዱ ጨዋታዎች ዘንድ ተጫዋቹ ሲሞት፣ ከሞተበት ለመቀጠል ማስታወቂያ እንዲመለከት ወይም እንዲከፍል ይጠየቃል፤ የ1980ዎቹ ሣጥን ሳንቲም ጨምረህ ቀጥል እያለ ይቆጥር የነበረው ወደ ኋላ የሚሄድ ቁጥር ይኸው ነው። ይህ አሠራር ከአርኬዱ ይልቅ ወደ ቁማር ማሽኑ የሚያዘነብልበት ጊዜ አለ፤ ጠላቱ እንዲነበብ ሳይሆን ማስታወቂያው እንዲታይ የሚገደል ተጫዋች ብዙ ነው። ለኢትዮጵያውያን ጨዋታ ሠሪዎች ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ተጫዋቻቸው በውጭ አገር የክፍያ መንገድ መክፈል ብዙ ጊዜ ስለማይችል፣ ገቢያቸውን የሚያገኙበት በር ጠባብ ነው። ዳዊት አብርሃም ከመሠረቱት አንዱ የሆነው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ግን ገበጣን ወደ ስልክ ከማምጣቱ በፊት የጀመረው በማሳደድ ነበር፤ ኩኩሉ በተባለው ጨዋታው ከገበሬ እያመለጠች የምትሮጥ ዶሮ ናት ጀግናዋ። በአወቃቀሩ ሲታይ ገበሬው የብሊንኪ ዘር ነው፤ ከኋላ ቀጥ ብሎ ይከተላል፤ አያደፍጥም፤ አይመክርም። ከጠፈር ወራሪዎች፣ ከመናፍስትና ከሮቦቶች ሰልፍ መካከል ግን እሱን የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ሌሎቹ ለምን እንደሚያሳድዱ በመግቢያ ጽሑፍና በፊልም ማስረዳት ሲያስፈልግ፣ በዓል ሲቃረብ ዶሮ የሚያባርር ሰው ለምን እንደሚያባርር ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች አንድ ቃል እንኳ ማብራሪያ አያሻውም።